ጋሽ በራሶን ሲዲ ላይ ማስገባት

ሰኞ፣ የካቲት 3

አሥር ባዶ ሳጥን። «የጋሽ በራሶ ምርቃት» ብዬ ጻፍኩ፣ የሲዲ መሥሪያው ፕሮግራም ፊደሎቹን ውጦ አሥር ባዶ ሳጥን ደረደረልኝ። ቆጠርኳቸው። የፊደሉን ዓይነት ቀየርኩ፤ ሳጥን። ዘግቼ ከፈትኩት፤ ሳጥን። በእንግሊዝኛ ፊደል ስጽፈው ግን ወዲያው ተቀበለኝ። ምን አባቴ ላድርገው?

የዕረፍት ሳምንቴ ነው። ተማሪዎቼ ፈተና ጨርሰው ተበትነዋል። እንቅልፌን እጠግብበታለሁ ያልኩትን ሳምንት ላፕቶፕ ፊት ተጎልቼ ላሳልፈው ነው። ግን ቃል የገባሁት በገዛ አፌ ነው። ቅዳሜ ቡሌ እወጣለሁ፣ ለእማማ ታደለች ሲዲውን ይዤላት።

ነገ በንዴት እንዳልተወው፣ ለምን እንደጀመርኩት እዚህ ልጻፈው።

አስተማሪ ሆኜ ቡሌ ስመደብ ገና ልጅ ነበርኩ። ከመኪና ስወርድ ብርዱ ጥርሴን አንገጫገጨው። ጋሽ በራሶ የማያውቁኝ ሰው የለበሱትን ጋቢ አውልቀው አለበሱኝ፣ ሻንጣዬን አንስተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔም ተከተልኳቸው። ሚስታቸው እማማ ታደለች ከጓዳው አጠገብ ያለችውን ክፍል ሰጠችኝ፣ ሦስት ዓመት ልጃቸው ሆኜ ኖርኩ። ሙሉጌታን ሳገባ አባቴ በሕይወት ስላልነበረ ድግሱ የተደገሰው እነሱ ግቢ ነው። የመረቁኝም ጋሽ በራሶ ናቸው።

አምና ሞቱ። ለእማማ የቀራት ለመታወቂያ የተነሱት አንድ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። ድምፃቸው ያለው የኔ ሰርግ ቪዲዮ ውስጥ ነው፣ ሌላ የትም የለም።

እማማ ደግሞ አንድ የምትለው ነገር አላት። ጋሽ በራሶ በአርባ ዓመት ትዳራቸው በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። እንደ እኩዮቻቸው «የብርቱካን እናት» ነበር የሚሏት። በሰርጌ ቀን ግን ሊመርቁኝ ሲነሱ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ታደለች ብለው ጠሯት። እንዲህ ትላለች። ትልቋ ልጇ ብርቱካን አታምናትም። ለቅሶው ላይ «አባዬ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም፣ እማዬን ሐዘኑ ነው እንዲህ የሚያስብላት» አለችኝ። እማማ ሰምታታለች። ምንም አልመለሰችም፣ ነጠላዋን ብቻ አስተካከለች። እኔ ልፈርድ አልቻልኩም። ሙሽራ ነበርኩ፣ አንገቴን ደፍቼ የተቀመጥኩ፣ ከጫማዬ በቀር ምንም አላየሁም።

ያን ዝምታዋን አልወደድኩትም። ሲዲው የተጀመረው ከዚያ ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ተመስገን። አለ! ቪዲዮው ውስጥ አለ።

ከጠዋት ጀምሬ ሙሉውን አየሁት። ካሴቱን ሐዋሳ ያለ አንድ ባለሙያ ነው ወደ ፍላሽ የገለበጠልኝ፣ ሻጋታውን በጥጥ ጠርጎ። እጁ ይባረክ። ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። የመጀመሪያው አርባ ደቂቃ መኪና ነው፤ አበባ የተለጠፈበት መኪና፣ ጡሩንባ፣ አቧራ፣ እንደገና መኪና። ቪዲዮ ቀራጩ መኪና ሲወድ! ከዚያ የሙሉጌታ ሚዜዎች ይጨፍራሉ። ከዚያ ሰው ይበላል። እያንዳንዱን ጉርሻ ቀርጾታል።

ወደ ማለቂያው ላይ ጋሽ በራሶ ተነሱ። ያው ኮታቸው፣ ያው ጉሮሮ ጠረግ ማድረጋቸው። እጃቸውን ዘረጉና አቆሙ። ወደ ኋላ ዞሩ፣ በዓይናቸው ሰው ፈለጉ፣ «ታደለች» አሉ። ቀጥለው በቋንቋቸው በጌዴኡፋ «ነይ እንጂ፣ ብቻዬን አልመርቃትም» አሉ። እማማ ከሴቶቹ መሃል እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣችና አጠገባቸው ቆመች። ከዚያ አብረው መረቁኝ።

አለቀስኩ። ሙሉጌታ ከሥራ ለምሳ ሲመጣ ዓይኔ አብጦ አገኘኝና «ፕሮግራሙ እንደገና ሳጥን አመጣብሽ?» አለኝ።

አሳየሁት። ሁለቴ አየው። «በስልክሽ ይዘሽላት ሂጂና አሳያታ» አለ። አይሆንም። በስልክ ካሳየኋት አይታው እኔ ይዤው እመለሳለሁ። እሷ የእጅ ስልኳ ቁልፍ ያለው ነው። ቤቷ ያለው ያ ሆዱ የተነፋ የድሮ ቴሌቪዥንና ብርቱካን የገዛችላት ማጫወቻ ነው፣ ማጫወቻው ፍላሽ አይቀበልም፣ ሲዲ ብቻ። ባማራት ሰዓት፣ ማንንም ሳትለምን፣ ራሷ እንድትከፍተው ነው የምፈልገው። አርባ ደቂቃ መኪናም ማየት የለባትም። ስለዚህ ሜኑ ያስፈልጋል፣ ሲዲው ሲገባ መጀመሪያ የሚመጣው ገጽ። ተጭና በቀጥታ ጋሽ በራሶ ጋ መድረስ አለባት።

ፕሮግራሙ ግን ዛሬም ሳጥን ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

አሸነፍኩት! ጽሑፉን ሌላ ቦታ ጻፍኩት፣ እንደ ፎቶ አስቀመጥኩት፣ ፎቶውን የሜኑው ጀርባ አደረግኩት። ፕሮግራሙ ፊደል መሆኑን አላወቀም። በወርቅማ ቀለም «የጋሽ በራሶ ምርቃት» ተንቆጠቆጠ። ከሥሩ «ሙሉ ሰርጉ»፣ ከሱ ሥር «የሚዜዎች ጭፈራ»። የ«ሶ»ን እግር ለማስተካከል ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀሁ።

ሙሉጌታን ጠራሁት። ቆሞ ትንሽ አየውና «ቆንጆ ነው» አለ። ቀጥሎ በለሆሳስ፣ «ግን ማን ሊያነበው ነው?» አለኝ።

ሦስት ቀን ሙሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ከፊደል ጋር ስታገል እማማ ታደለች ማንበብ እንደማትችል አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም። እኔው ነኝ ደብዳቤ የማነብላት የነበርኩት። እኔው ነኝ ማታ ማታ ፊደል ላስተምራት ጀምሬ መ ላይ ስንደርስ አግብቼ ዲላ የወረድኩት። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። እዚያ ቀረ። የሌላ ሰው ልጆች ስንት ዓመት ሙሉ ሳስቆጥር እሷን መ ላይ ጥያት መጣሁ።

አፈርኩ። ወርቅማውን ሁሉ አጠፋሁት። በቦታው የጋሽ በራሶን ፊት ከቪዲዮው ቆርጬ አስገባሁ፣ ትልቅ አድርጌ። ፊታቸውን ለማንበብ ፊደል አያስፈልጋትም።

እንዲያውም ሳስበው ጥሩ ባል ነው ያለኝ። ሌላው ቢሆን ቆንጆ ነው ብሎ ወደ ኳሱ ይመለስ ነበር።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

የዛሬ ጉዶች፦

ፊታቸውን ስጫን ምርቃቱ ይከፈታል፣ ግን «ታደለች» የለም። የሚጀምርበትን ምልክት በትክክል ከመጠራቷ በፊት ነው ያደረግኩት። ፕሮግራሙ ግን በራሱ ፈቃድ ወደፊት ይገፋዋል። ሲከፈት «ነይ እንጂ» ከሚለው ነው የሚጀምረው። ምልክቱን ወደ ኋላ ሳደርገው ደግሞ ዘልሎ ሚዜዎቹ ጉርሻ ሲጎራረሱ ላይ ያቆመኛል። ከቪዲዮው ሁሉ መርጦ የሚቆርጠው ያቺን አንዲት ስም! ሰው ቢሆን ተንኮለኛ እለው ነበር።

ሲዲው ላይ መገልበጡ፣ «ማቃጠል» የሚሉት፣ ዘጠና ስምንት በመቶ ደርሶ ቆመ። «ያልታወቀ ስህተት» አለኝ በእንግሊዝኛ። አንተ ካላወቅከው እኔ ከየት ልወቀው?

ሁለተኛውም ዘጠና ስምንት ላይ ሞተ። ሦስተኛው ተሳካ፣ ቤት ባለው ማጫወቻ ስሞክረው ድምፅና ምስሉ ተለያየ፤ ጋሽ በራሶ አፋቸውን ከከደኑ በኋላ ነው የሚሰሙት።

እማማ ጋ ደወልኩ፣ ምንም ሳልነግራት፣ ሪሞቷ እንዴት እንደሆነ ልጠይቅ። «ቀዩና መሃሉ ይሠራል ልጄ፣ ሌላው ሞቷል» አለችኝ። እንግዲህ ወደ ላይ ወደ ታች የሚባል ነገር የለም ማለት ነው። መሃሉን ብቻ ነው የምትጫነው። ፕሮግራሙ ደግሞ ግድ ብሎ የመጀመሪያውን ቦታ ለ«ሙሉውን አጫውት» ነው የሚሰጠው። መሃሉን ስትጫን መኪና ይመጣባታል። አርባ ደቂቃ መኪና!

ስልኩን ልዘጋ ስል «ቅዳሜ ትመጣለህ አይደል?» አለችኝ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው፣ ይህን ሁሉ ዓመት ወንድ አድርጋ ነው የምታናግረኝ። ሰው ሲያርማት አልወድም።

ትመጣለህ ስትለኝ ንዴቴ በረደ። መጣሁ፣ እመጣለሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ባዶ ሲዲ አለቀብኝና መናኸሪያው አጠገብ ከድር ሱቅ ሄድኩ። ከድር ኤሌክትሮኒክስ ይሸጣል፣ አባቱም እዚያው ይሸጡ ነበር። ባዶ ሲዲ ስለው ሳቀ። «ቲቸር፣ ከተማው ውስጥ እርስዎ ብቻ ነዎት የቀሩት» አለኝ። መሰላል ላይ ወጥቶ ከጣሪያው ሥር አቧራ የጠጣ ፓኮ አወረደልኝ። ውስጡ አራት ቀርቷል።

ልቤ ሞልቶ ስለነበር ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ሁሉንም ነገርኩት። ጋሽ በራሶን፣ ስሙን፣ ሪሞቱን፣ መኪናውን። ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠኝ። ስጨርስ እንዲህ አለ፦

«ታዲያ ሁለት ሲዲ ለምን አያደርጉትም? ምርቃቱን ለብቻው ቆርጠው አንዱ ላይ። ሰርጉን ሌላው ላይ።»

አየሁት። አየኝ። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ሲዲ፣ አንድ ሜኑ፣ ሦስት ቁልፍ ስል ለካ አንድ ሳህን ላይ ሁሉንም ወጥ ልጨምር ነበር። ምርቃቱ ለብቻው ከተቆረጠ ምልክት አያስፈልገውም፣ ስሙም አይቆረጥም፣ «ሙሉውን አጫውት» ራሱ ምርቃቱ ይሆናል። ከድር እኮ ፕሮግራሙን አይቶት አያውቅም።

ጨምሮም በጣም ቀስ ብሎ እንዲያቃጥል እንዳዘው ነገረኝ። «ሲያጣድፉት ነው የሚወላገደው።» ሲዲዎቹን በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጠኝና «ለእናትየው ሰላም ይበሉልኝ» አለ። የማያውቃትን ሴት።

ከሰዓት በኋላ። ሠራ! ቀስ ብሎ፣ ሳይወላገድ፣ መቶ በመቶ። ድምፁ ከከንፈራቸው ጋር። «ታደለች» ሙሉ በሙሉ አለች፣ ከፊቷ ጉሮሮ መጥረጋቸውም ጭምር። ሰርጉም ሁለተኛው ላይ ገባ።

አንድ ችግር ቀረ። ሜኑው ላይ ያለው ፊታቸው ይንቀሳቀሳል። ፕሮግራሙ የቪዲዮውን መጀመሪያ ወስዶ እዚያው ያዞረዋል፣ ከነድምፁ። ስለዚህ ሲዲው ገብቶ ማንም ሳይነካው ጋሽ በራሶ ዞር ይላሉ፣ «ታደለች፣ ነይ እንጂ» ይላሉ፣ ያቆማሉ፣ እንደገና ዞር ይላሉ፣ «ታደለች፣ ነይ እንጂ»። ማጥፊያውን አገኘሁትና አጠፋሁት፣ ዘግቼ ስከፍተው ተመልሶ በርቷል። ሦስቴ። ሙሉጌታ ከወዲያ ክፍል «ኧረ ሴትዮዋን ስንቴ ነው የሚጠሯት?» አለ።

ለኛ ያስቃል። እሷ ግን ብቻዋን ቤት የተቀመጠች ሴት ናት። የሞተ ባሏ በየሃያ ሰኮንዱ ሲጠራት ብትደነግጥስ? ልቧ ደካማ ነው። እሰየው ያልኩት ነገር ሌላ ሐዘን ሆኖባት ቢያርፍስ? በሌላ መንገድ ልሠራው ስጀምር መብራት ሄደ። እስኪመሽ አልመጣም። ላፕቶፑም ሞተ።

እንዳለ ይዤው እሄዳለሁ። እኔ አጠገቧ ስላለሁ ቶሎ ብዬ መሃሉን እጫንላታለሁ፣ ሜኑውን ሳትሰማው ያልፋል። ሁለቱን ሲዲ እንዳታሳስታቸው በምርቃቱ ላይ በእስክሪብቶ ትልቅ መ ጻፍኩ። ከፊደል የማውቅላት የመጨረሻዋ እሷ ናት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8፣ ጠዋት

ሚኒባሱ እስኪሞላ እየጠበቅኩ ነው። ሲዲዎቹ ደረቴ ላይ፣ ሹራቤ ውስጥ። ስኳርና ሳሙና ይዣለሁ። መንገዱ ሲዲ የሚሰነጥቅ መንገድ ነው።

ምስጋና ልጻፍ፣ በኋላ በደስታም ሆነ በሐዘን እንዳልረሳው። ሐዋሳ ካሴቱን ያጸዳው ሰው። ከድር። ሙሉጌታ፣ «ማን ሊያነበው ነው» ስላለኝ። መኪና የሚወደው ቀራጭ፣ በትክክለኛው ሰዓት ካሜራውን ወደ ጋሽ በራሶ ስላዞረ። ጋሽ በራሶ፣ ስለ ጋቢው።

ሞላ፣ ሊነሳ ነው።

እሑድ፣ የካቲት 9፣ ቡሌ

የድሮ ክፍሌ ውስጥ ነኝ። ያው ብርድ። ሁለት ጋቢ ደርቤ ነው የምጽፈው።

ትናንት ስደርስ ብርቱካንም ነበረች፣ ቆጮና ጎመን ተሰናድቶ። ካልበላህ ምንም ነገር አናይም አለችኝ እማማ። በላሁ። ከዚያ ሲዲውን ሰጠኋት። ገልበጥ አድርጋ አየችውና ጣቷን በጽሑፉ ላይ አሳለፈች። «መ» አለች። ብርቱካን ሳቀች፣ «እማዬ ማንበብ ጀመረች!» እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ያን ሁሉ ዓመት ይዛታለች።

ሲዲውን ከተትኩት። ሪሞቱን ለመያዝ እጄን ስዘረጋ ሪሞቱ የለም። እማማ እጇ ውስጥ ነው፣ ነጠላዋ ሥር። ቶሎ መሃሉን ልጫን ያልኩት ዕቅድ እዚያ ላይ አለቀ።

የጋሽ በራሶ ፊት መጣ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ዞሩ፣ «ታደለች» አሉ።

ብርቱካን አፏን ይዛ ቆመች። ሜኑው ዞረና እንደገና «ታደለች፣ ነይ እንጂ» አሉ። ብርቱካን ቁጭ ብላ የእናቷን ጉልበት ሳመች። «ይቅር በይኝ እማዬ፣ ውሸት መስሎኝ ነበር» አለች። እማማ ፀጉሯን ዳበስ ዳበስ አደረገቻት፣ ዓይኗን ግን ከቴሌቪዥኑ አላነሳችም።

ሦስተኛ ሲጠሯት ወደ እማማ ጠጋ አልኩ። «እማማ፣ መሃሉን ተጫኚው፣ ምርቃቱ ይመጣል» አልኳት። «ይቅርታ፣ ይሄ መደጋገሙ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ላጠፋው ፈልጌ እምቢ አለኝ። በሚቀጥለው አስተካክዬ አመጣልሻለሁ።»

ሪሞቱን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገችው።

«ተወው» አለችኝ። «በአርባ ዓመት አንድ ቀን ነው የጠራኝ። አሁን ይጥራ።»

ምርቃቱንም አየነው በኋላ፣ ሁለቴ። ጎረቤት መጥቶ ደግሞ ሦስተኛ። ሰርጉን ማንም አልጠየቀም፣ መኪናዎቹ በላስቲካቸው እንደተጠቀለሉ ናቸው። ማታ መ ካለችበት ጀምረን ሠ እና ረን ጻፍንና ተኛን። በየወሩ እመጣለሁ ብያታለሁ፣ ይህን ቃሌን ደግሞ ልብላውና ጉድ ይፍላ።

አሁን ነጋ። እኔን ያነቃኝ ከሳሎን የሚመጣው ድምፅ ነው። ብቻዋን ተነስታ፣ ብቻዋን ቀዩን ተጭና ከፍታዋለች። እሳት እያነደደች ነው መሰለኝ፣ እንጨት ሲሰበር ይሰማኛል። ጋሽ በራሶ ይጠራሉ። «አቤት» ትላለች። እንደገና ይጠራሉ። «አቤት አልኩህ እኮ» ትላለች፣ እየሳቀች። እንጨቱን ትሰብራለች።

ልነሳና ላግዛት። ትንሽ ቆይቼ ግን።